ሃያ ዓመት ስጪው

ጆሳም ሃንጋላ ካርታውን ጠቅልሎ በብብቱ ሸጉጦ መንደራችን የገባው በፈረንጆቹ 1996 ሰኔ ላይ ነው። ወይስ በ97? ወንድሜ ማይንጋ ብስክሌት የገዛ ሰሞን እንደነበር አስታውሳለሁ። ማይንጋ ግን ብስክሌቱን የገዛሁት ከዚያ በፊት ነው ይላል። ብስክሌቱም ማይንጋም አርጅተዋልና የሁለቱንም ምስክርነት ማመን ያስቸግራል። እናቴ ብትኖር ትዳኘን ነበር። ብርድ እንደነበር፣ በቆሎው ጎተራ ገብቶ እንደነበር፣ ሰውየው ከራሱ የሚሰፋ ጃኬት ለብሶ እስከ ጉልበቱ አቧራ ውጦት እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ። ዓመቱን ራሱን መጠየቅ ይቻል ነበር። ችግሩ፣ ጆሳም ስላለፈ ነገር ተጠይቆ የሚመልስ ሰው አልነበረም። እሱ የሚያውቀው የሚመጣውን ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር በምድር ላይ የለም። ሌላው ሁሉ ያለበትን ቀን ሲኖር እሱ ቀድሞ ሄዶ ወደፊት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ሠርግ ብትጠሩት ዳሱ የተጣለበትን ሜዳ አይቶ "እዚህ ጋ መጋዘን ይቆማል" ይላል። አዲስ ቤት ሠርታችሁ ብታስጎበኙት በመስኮት አሻግሮ ይመለከትና "ይቺን እይታ አሁኑኑ ጥገቧት" ብሎ ይመክራል። ሌላው ሰው ሞቅ ሲለው ይዘፍናል፤ እሱ ይተነብያል። እናንተም አንድ ታውቃላችሁ። የእኛው የሚለየው ለዚህ ሥራው ደመወዝ የሚከፈለው መሆኑ ነው።

የቀጠረው ከተማው ውስጥ ያለ የውሃ መሥሪያ ቤት ነበር። ወንዛችን ናካሎንጋ ከላይ ካለው ጫካ ሥር ከምንጭ ትነሳለች፤ ጨፌውን ታቋርጣለች፤ የአትክልት መደቦቻችንን እያጠጣች ቁልቁል ወርዳ ከትልቁ ካፉዌ ትቀላቀላለች። ዝናቡ ወደ እሷ የሚወርድበት አገር በሙሉ ወደፊት ምን እንደሚመስል መናገር የጆሳም ሥራ ሆነ። ሰውም ወዲያው "ሊቀ ትንቢት" የሚል ማዕረግ ሰጠው። ማዕረጉን በቀልድ ሰጡት፤ እሱ በቁም ነገር ተቀበለው።

እኔና እሱን ያገናኘን ጎሳችን ነው። እሱ በእናቱ ከጅብ ጎሳ ነው፤ እኔ በእናቴ ከፍየል። ጅብና ፍየል ደግሞ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። በተገናኙበት ይሰዳደባሉ፣ ከአንዱ ሳህን ላይ ሌላው ይነጥቃል፣ "ባሌ" "ሚስቴ" ይባባላሉ፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ለቀብር መጥቶ በሟች ያላግጣል። መቆጣት ክልክል ነው፤ የተቆጣ ዶሮ ይከፍላል። የዚህ ሕግ ሌላው ገጽታ ብዙ አይወራም። እሱም፣ ጅብና ፍየል ቁም ነገር አይነጋገሩም የሚለው ነው። ፍየል የምሯን ብትጠይቅ ቀልድ ነው፤ ጅብ የምሩን ቢመልስም ቀልድ ነው። ስለዚህ እኔ "አያ ጅቦ" ስለው፣ እሱ "እሜቴ ፍየል" ሲለኝ፣ አንድ ቀን እንኳ በስሙ ሳልጠራው ዕድሜያችንን ጨረስን።

የመጀመሪያው ቀን ካርታውን በትምህርት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

"ምንድን ነው ይሄ ቡራቡሬ፣ አያ ጅቦ? የአልጋ ልብስ ነው?"

"አገርሽ ነው፣ እሜቴ ፍየል። አረንጓዴው ጫካ፣ ቢጫው እርሻ፣ ቀዩ ቤት።"

"እኔ የቱ ጋ ነኝ?"

"ቢጫው ውስጥ። ሃያ ዓመት ስጪው፣ ቀይ ትሆኛለሽ።"

"ማን ነገረህ?"

"ጎረቤቶችሽ።"

ከዚያ አስረዳኝ። ከሰማይ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች አሉ፤ አንዱ የድሮ፣ አንዱ የቅርብ። አገሩን በጥቃቅን ካሬ ይከፋፍላል። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ስንቱ ጫካ እርሻ፣ ስንቱ እርሻ ቤት እንደሆነ ያያል፤ ያንኑ አካሄድ ወደፊት ይገፋዋል። እያንዳንዷ ካሬ ደግሞ ዙሪያዋን ታያለች። በእርሻ የተከበበ ጫካ አይቆይም፤ በቤት የተከበበ እርሻም እንደዚያው። "ምድር ብቻዋን ምንም አይደለችም። የከበባትን ትሆናለች" አለኝ።

"ታዲያ ይሄ ሐሜት እንጂ ሳይንስ ነው?"

ትንሽ አሰበና "በቁጥር የተደገፈ ሐሜት" አለ፣ እንደ ኮራ ሁሉ።

መከራው፣ ልክ መሆኑ ነው። ኳስ ሜዳው ወፍጮ ቤትና ቡና ቤት ይሆናል አለ፤ ሆነ። የኤሌክትሪኩ ምሰሶ በክሊኒኩ በኩል ይመጣል አለ፤ መጣ። ልክ መሆኑም አይበቃውም፤ ሊነገርለት ይገባል። አንድ ቀን ዝናብ እያወረደው ከዚያኛው ሰፈር ድረስ ሲሙንጋ ቤት ሄዶ በሩን አንኳኳ።

"ሲሙንጋ፣ እዚህ ጓሮ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈራል ብዬህ አልነበር? ዛሬ ተቆፈረ።"

"አውቃለሁ፣ ሊቀ ትንቢት። የቆፈርኩት እኔ ነኝ።"

"እሱን ልነግርህ ነው የመጣሁት" ብሎ ዝናቡ ውስጥ ተመልሶ ሄደ። ሲሙንጋ እስኪሞት ድረስ ይህን ያወራ ነበር።

ታጭቶም ነበር። ኤስናርት የምትባል፣ ሕፃናት የምታስተምር፣ ጥርሷ የሚያምር ልጅ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ጨርሰው፣ ከብቶቹ ተመርጠው፣ እርጎ በንሺማ፣ በበቆሎ ገንፎ ማለት ነው፣ ቀርቦ እየተበላ ሳለ አባቷ ለጨዋታ ያህል "ስለ ልጄስ ምን ትላለህ?" አሉት። ጆሳም እናቷን አየ፣ አክስቶቿን አየ፣ ዙሪያዋን ሁሉ አየና "ሃያ ዓመት ስጧት፣ እናቷን ትሆናለች" አለ። እናትየው ሳህኑን አነሳች። ኤስናርትም ሃያ ዓመት አልሰጠችውም፤ በስምንት ወር ውስጥ የባቡር ሠራተኛ አግብታ ሊቪንግስተን ገባች።

እናቴ ስትሞት ጅቦች እንደ ወጉ መጡ። ከሁሉ የባሰው እሱ ነበር። ሻሿን ከሳጥኗ አውጥቶ አሰረ፣ በግራ እግሯ እንደምታነክሰው አነከሰ፣ ዶሮ ስትጠራ የምታወጣውን ድምፅ አወጣ። ያለቅስ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ "እማማ፣ ብዙ አይደላደሉ። ሃያ ዓመት ይስጡት፣ በእግርዎ ሥር አስፋልት ያልፋል" አላት። እኔም ስቄ ወደቅሁ። አስፋልቱ በኋላ እውነትም መጣ፤ ከእግሯ ሥር፣ እሱ ባለው በኩል። ዛሬ አውቶቡስ የምንጠብቀው እዚያ ነው።

በዓመቱ የእሱ እናት ሞተች፤ ተራው የእኛ ሆነ። የጅቦች መቃብር ያለው ላይ፣ የምንጩ ጫካ ጥግ ነው። ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛ ፍየሎች ነን፤ ወንድሜ ማይንጋ ቆፍሮ ሲያበቃ "ቀዳሚው እኔ ነኝ" ብሎ እዚያው ውስጥ በጀርባው ተጋደመና ዶሮ ካልተሰጠኝ አልወጣም አለ። ዶሮው ተሰጠው። ከዚያ ልውጣ ቢል ጉድጓዱ ጭንቅላቱን ውጦት መውጣት አቃተው። ሦስት ጅቦች በእጁ ጎትተው አወጡት፤ ጥቁር አፈር ለብሶ ዓይኑ ብቻ ይታይ ነበር። ያን ቀን ጆሳም ሲስቅ አየሁት፤ እየሳቀ እያለም ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው የኖረው። ግቢው ውስጥ አንድ ማንጎ እንኳ አልተከለም። "መንገድ ሲሰፋ ይነሳል" ይላል። ወንበር ከአንድ በላይ አልነበረውም። በሩ ግን ተንኳኩቶ አያውቅም ማለት አይደለም። አንዱ የት ልግዛ ብሎ ይመጣል፣ ሌላው የት ልዝራ ብሎ። ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ስለ ነገ ሊጠይቀው ነበር፤ ዛሬ እንዴት ዋልክ ሊለው የሚሄድ አልነበረም። እኔም ብሄድ ልሰድበው ነው የምሄደው።

አሁን ወደ ጨፌው ነገር ልምጣ።

በበጋ ከብቶቻችን የሚሰማሩበት፣ ናካሎንጋ ተኝታ የምታርፍበት ሰፊ ጨፌ ነበረን። የማንም አልነበረም፤ የሁሉም ነበር። ጆሳም ይህ ጨፌ በሃያ ዓመት ውስጥ ታርሶ እንደሚያልቅ ቁጥሩ ነገረው። ደነገጠ። የመንደሩን ሹም ሙሌያን አስፈቅዶ ሰውን በሾላው ጥላ ሥር ሰበሰበና ካርታውን ሰቀለ። የወደፊቱ ጨፌ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው።

"አያችሁ?" አለ። "እንዲህ ነው የሚሆነው። ሳይሆን በፊት እንምከርበት።"

ሰው ሁሉ ቢጫውን አየ። ከኋላ ቢና ቾልዌ፣ የቾልዌ እናት ማለት ነው፣ እጇን አወጣች።

"ሊቀ ትንቢት፣ ይሄ ቢጫ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም እማማ። የወደፊት ነው።"

"አይ፣ ገብቶኛል የወደፊት መሆኑ። ግን በዚያን ጊዜ የማን ነው?"

ዞሮ ካርታውን አየ። ካርታው ላይ ስም አይጻፍም። ስብሰባው በሰላም ተበተነ። በማግሥቱ ጠዋት ጆሳም ሻዩን ሳይጨርስ መንደሩ በሙሉ መዶሻና ችካል፣ ገመድና መቆፈሪያ ይዞ ጨፌው ውስጥ ነበር። ቢጫ መሆኑ ካልቀረ ቢጫው የራስ ይሁን እንጂ። ሹም ሙሌያ ራሳቸው ከመሐል ደህናውን ይዘዋል። የኔ ወንድምም በብስክሌቱ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ያን ያህል አልዋሽም።

ሃያ ዓመት የተባለው በሦስት ዓመት አለቀ። ሰዉ ሊቀ ትንቢትን አመሰገነ፤ ከዚያ ጨፌ የበቀለውን የመጀመሪያውን ጎመን፣ የመጀመሪያውን ዱባ በሩ ላይ እያስቀመጠ ሄደ። ጆሳም ሳይነካው በሩ ላይ በሰበሰ። ከብቶቹ የሚገቡበት አጡ፤ ናካሎንጋ ከመስከረም በፊት ከታች በኩል መድረቅ ጀመረች።

"አያ ጅቦ፣ ዘንድሮ ቀደምከው። በአሥራ ሰባት ዓመት ቀደምከው" አልኩት ወፍጮ ቤት አግኝቼው።

ሁልጊዜ ይመልስልኝ ነበር። ያን ቀን "አዎ" አለ፤ ዱቄቱን ተሸክሞ ሄደ።

ቀሪው አንድ ነገር የምንጩ ጫካ ነበር። እሱ ከተነካ ናካሎንጋ የለችም፤ ይህን ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም። ግን ከታች ያለው መሬት ሁሉ ተይዟል፣ ልጆች አድገዋል፣ ከሰል የሚጭኑ ሰዎችም ከከተማ መጥተው መጠየቅ ጀምረዋል። 2003 ላይ ሰው ራሱ ስብሰባ ጠራው። ከጨፌው በኋላ የሱ ቃል እንደታተመ ሰነድ ነበር። መጥረቢያቸውን ይዘው የመጡም አይቻለሁ፤ ከስብሰባው በቀጥታ ለመሄድ።

"እሺ ሊቀ ትንቢት፣ ጫካውስ?" አሉ ሹም ሙሌያ። "ምን ቀለም ይሆናል?"

ጆሳም ካርታውን አልዘረጋም። ተነሳ።

"ምንም አይሆንም" አለ። "ነጭ ድንጋይ ነው የሚሆነው። እዚያ ላይ አፈሩ ስንዝር አይሞላም፣ ከሥሩ አለት ነው። ዛፉ በራሱ ጊዜ ይደርቃል፣ ምንጯም ትጠፋለች። መንገድ የሚባል አይደርስበትም። ሃያ ዓመት ስጡት፣ የሚፈልገው ሰው የለም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ፍየል እንኳ አይግጥበትም።"

ሰው ሳቀ። ተራዬ ነውና "ጅብስ ምን ይበላበታል?" አልኩ።

"ጅብማ አጥንቱን እዚያ አኑሯል። አይርበውም።"

የባሰ ተሳቀ። ሹም ሙሌያ አልሳቁም። ከዘራቸውን ሁለት እጃቸው ላይ ጭነው ሲያዩት ቆዩና "ሊቀ ትንቢት ተሳስቶ አያውቅም። በሉ ተበተኑ" አሉ። ድንጋይ ለሚሆን መሬት ማን ችካል ያባክናል? መጥረቢያዎቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ከሰል የሚጭኑትም ሌላ አገር ፈለጉ።

ሃያ ዓመቱ ሞላ። ጫካው ቆሟል፤ እንዲያውም ወደ ታች እየሰፋ ነው። ምንጯ ትፈሳለች። ሰው በአንድ ነገር አንድ ጊዜ ሲሳሳት፣ ከዚያ በፊት ልክ የሆነበትን ሁሉ የሚያካክስ ደስታ ለጎረቤት ይሰጣል። በዝናብ ልመናው በዓል ላይ እኛ ፍየሎች ዋናውን ቦታ ይዘን "ነጭ ድንጋይ" የሚል ስም አወጣንለት። ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ በትራስ ላይ አድርገን፣ ሰግደን፣ ለሊቀ ትንቢት አስረከብነው። ንግግሩን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ንግግር ነበር። ያ ዝናብ ውስጥ የሰው በር ያንኳኳ የነበረ ሰው፣ አንዲት ቃል ሳይከራከር፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ ተቀብሎ የበቆሎ መጠጡን፣ ቺብዋንቱውን፣ ጠጣ። ልጆች በመንገድ ሲያገኙት "ነጭ ድንጋይ፣ ነገ ዝናብ አለ?" ይሉታል። ለእነሱም ይስቅላቸዋል። ስለ ነገ ሊጠይቀው የሚመጣም ቀረ። በሩ ፀጥ አለ።

ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። በጥር አረንጓዴ መሆን የነበረበት በቆሎ በቁሙ ገለባ ሆነ። በግራም በቀኝም ያሉ ወንዞች አሸዋቸውን አሳዩ። ከእነሱ ማዶ ያሉ ሴቶች ሳይቀሩ ባልዲ ተሸክመው ወደ ናካሎንጋ ምንጭ መጡ። እኔም ተሰለፍኩ። ሰልፉ በጫካው ጥግ፣ በጅቦች መቃብር አጠገብ ያልፋል። ማይንጋ ከዘራውን ይዞ የጆሳም እናት በተቀበረችበት በኩል ጥላ ውስጥ ተቀምጧል።

"እዚህ ጉድጓድ ገብቼ መውጣት አቅቶኝ ነበር፣ ትዝ ይልሻል?" አለኝ። "ዶሮዋ ግን ቆንጆ ነበረች።"

ሳቅሁ። ሳቄ መሐል ላይ ቆመ።

ስንዝር አይሞላም ነበር ያለው። ጥቁሩ አፈር ወንድሜን ከነጭንቅላቱ ሲውጠው ጆሳም እዚያው ቆሞ ነበር። እኔም ቆሜ ነበር። ሹም ሙሌያም። የመጀመሪያዋን እፍኝ የበተኑት እሳቸው ናቸው፤ መንደሩ በሙሉ ያንን የአፈር ክምር ረግጦ ነው የተመለሰው። ታዲያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሾላው ሥር "አለት ነው" ሲለን ያ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ዝም አለ? እየሳቅን ነበር። ቀልዱን የጀመረው እሱ፣ የጨረስኩት እኔ። ሹሙ አሁን የሉም፤ እሳቸውን መጠየቅ አይቻልም። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ የምሬን መጠየቅ አልችልም፣ ፍየል ነኝ።

ባልዲዬ ሞልቶ ሲፈስ ከኋላዬ ያለችው ሴት "እትዬ፣ ውሃው" አለችኝ።

ስንት ጊዜ ልሄድ ተነስቼ እንደተመለስኩ አልናገርም። በመጨረሻ ጆሳም ሊሄድ ነው ሲባል ሰማሁ። የእህቱ ልጅ ወደ ካብዌ ከተማ ወስዶ ሊያኖረው ነው። በጠዋት አስፋልቱ ዳር፣ እናቴ እግር ሥር፣ አንዲት ሻንጣ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከሻንጣው ሌላ ሸኚ አልነበረውም።

"ጅቡ መሄዱን ልታረጋግጪ መጣሽ?" አለ፣ ድምፄን ሳይሆን እርምጃዬን ሰምቶ።

"አዎ። በረቴን ከፍቼ መተኛት አምሮኛል።"

"ዓይኔን ሐኪም ሊያሳዩኝ ነው። የቅርቡ አይታየኝም። የሩቁ ደህና ነው።"

"ያንተ ዓይን ድሮም እንደዚያ ነበር።"

ሳቀ። እናቴ መቃብር ላይ የበቀለውን ሣር አየ፣ ወይም ያየ መሰለኝ። አውቶቡሱ ከዳገቱ ላይ ብቅ አለ። ጠዋት ሙሉ ያጠናሁትን ጀመርኩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። የምሬን።"

"የምርሽን?" ቅንድቡ ተነሳ። "ፍየል ከጅብ ጋር የምሯን ስታወራ ሰው ቢያይ ምን ይላል?"

"ማንም የለም እዚህ።"

"እናትሽ አሉ" አለ።

አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ካብዌ! የካብዌ ቶሎ በል!" እያለ ወርዶ ሻንጣውን ነጠቀው። ጆሳም የበሩን ብረት በእጁ ፈልጎ አገኘና ወጣ። መስኮት ዳር ሲቀመጥ አየሁት፤ ራሱን አወጣ።

"እሜቴ ፍየል፣ ጫካውን እየወጣሽ እዪልኝ። ነጭ ድንጋይ የሆነ ቀን ላኪብኝ።"

ፊቱን አየሁ። ምንም አይነበብበትም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እኛን ያሳመነው ያው ፊት ነው።

"ጆሳም" አልኩ።

አውቶቡሱ ተነሳ። ያ ስም በእኔ ድምፅ ሲጠራ ሰምቶ አያውቅምና፣ ሌላ ሰው የተጠራ ሳይመስለው አልቀረም፤ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።